ከባድ የካርድ ስብስብ የሚችል መደርደሪያ፦ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴት ይሠራል

ካርድ የምትሰበስቡ ሰዎች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አንድ ነው። "መደርደሪያዬ መሐሉ ላይ ጎበጠ፣ ምን ይሻለኛል?" ወይም ደግሞ "ሣጥኖቹ መሬት ላይ ተከምረዋል፣ ምን ዓይነት መደርደሪያ ይችላቸዋል?" ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ ሁሉንም አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። እንደ ፖኪሞን፣ ማጂክና ዩጊዮ ያለ የጨዋታ ካርድም ይሁን የስፖርተኞች ካርድ፣ ሥራው ያው ነው።

ዋናውን ከፊት ልንገራችሁ። መደርደሪያ የሚጎብጠው ብዙ ጊዜ እንጨቱ መናኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ጣውላው ከአንዱ ድጋፍ እስከ ሌላው ድረስ ስለረዘመ ነው። ጭነቱ በየሴንቲ ሜትሩ እኩል ሆኖ ርዝመቱን ብቻ ከ90 ወደ 60 ሴ.ሜ. ብታሳጥሩት ጉብጠቱ አምስት እጥፍ ያህል ይቀንሳል። ያንኑ እንጨት፣ ያንኑ ካርድ ይዛችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ጠንካራ እንጨት ፍለጋ ከመሯሯጣችሁ በፊት አጭር እርከን ፈልጉ። ከ75 ሴ.ሜ. በላይ ለካርድ አልመክርም፣ 70 እና ከዚያ በታች ቢሆን ደግሞ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ክብደቱን እወቁ

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት። መደርደሪያ ከመግዛትም ሆነ ከመሥራት በፊት ቁጥሩ በእጃችሁ መኖር አለበት፤ አለበለዚያ "ጠንካራ ይመስላል" እያላችሁ ነው የምትገዙት።

የተለመደው ካርድ 63 በ88 ሚ.ሜ. ነው፣ የዩጊዮ ካርድ ትንሽ ያንሳል። አንዱ ካርድ ወደ 1.8 ግራም ይመዝናል። ይቺ ምንም አትመስልም። ግን 1,000 ካርድ 1.8 ኪሎ፣ 5,000 ካርድ 9 ኪሎ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ሣጥኑና የፕላስቲክ ልባሱ ሳይቆጠር። ጥራታቸው ተገምግሞ ደረጃ የወጣላቸው፣ ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ የታሸጉ ካርዶች ካሏችሁ ደግሞ ማሸጊያው ከካርዱ ብዙ እጥፍ ይከብዳል።

ሌላ ማወቂያ ዘዴም አለ። ጠበቅ ተደርጎ የተደረደረ ካርድ ክብደቱ ከውሃ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ አንድ ሊትር በሚይዝ ቦታ ላይ አንድ ኪሎ ገደማ ካርድ ይገባል። በሣጥኖቹ መካከል ክፍተት ስላለ ሦስት አራተኛውን ያዙ። 70 ሴ.ሜ. ርዝመት፣ 40 ሴ.ሜ. ጥልቀት ያለው እርከን ላይ 20 ሴ.ሜ. ከፍታ ድረስ ካርድ ብትደረድሩ 56 ሊትር ቦታ ነው፣ ሦስት አራተኛው 42 ኪሎ። ይህ የአንድ እርከን ብቻ ነው። አራት እርከን ከሆነ 170 ኪሎ ገደማ ክፍላችሁ ጥግ ላይ ቆመ ማለት ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

1. አንድ ሙሉ ሣጥን መዝኑ። የሰው መመዘኛ ሚዛን ይበቃል። ሣጥኑን አቅፋችሁ ቁሙበት፣ ከዚያ ባዶ እጃችሁን ቁሙ፣ ልዩነቱን ያዙ። የእናንተን ሣጥን የምትመዝኑት ልባሱም ማሸጊያውም ስለሚለያይ ነው፤ የሌላ ሰው ቁጥር አይሠራላችሁም።

2. አንድ እርከን ላይ ስንት ሣጥን እንደሚቀመጥ ቁጠሩና አባዙ። ዛሬ ያላችሁን ብቻ ሳይሆን እርከኑ ጢም ብሎ ሲሞላ የሚይዘውን አስቡ። ባዶ ቦታ ያለው ሰብሳቢ መሙላቱ አይቀርም።

3. ባገኛችሁት ላይ ግማሹን ጨምሩ። 42 ኪሎ ከሆነ 63። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በሱ ነው የሚመዘነው። ጭማሪው የሚያስፈልገው እንጨት ከባድ ነገር ተሸክሞ ለዓመታት ሲቆይ ቀስ እያለ ስለሚጎብጥ ነው። ዛሬ ቀጥ ብሎ የቆመ እርከን የዛሬ ዓመትም ቀጥ ብሎ ይቆማል ማለት አይደለም።

የተሠራ የምትገዙ ከሆነ

ለመጽሐፍ ተብለው የሚሸጡ 80 ሴ.ሜ. ስፋት ያላቸው ብዙ የቤት መደርደሪያዎች በአንድ እርከን 30 ኪሎ አካባቢ ነው የሚችሉት። ከላይ ካሰላነው ጋር አስተያዩት። አራት ማዕዘን ጉድጓድ ጉድጓድ ያላቸው፣ ለጌጥ የሚያምሩት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይችላሉ። መልካቸው አያታልላችሁ፤ አንዳንዶቹ ውስጣቸው ባዶ ነው፣ ወፍራም የሚመስለው ጎን ሁለት ስስ ሽፋን በመሐሉ ወረቀት ይዞ ነው።

ስትገዙ መጀመሪያ የመሸከም አቅሙን ጠይቁ። ሁለት ቁጥር አለ፦ አንድ እርከን የሚችለውና መደርደሪያው በጠቅላላ የሚችለው። ሻጭ አንዳንድ ጊዜ ትልቁን ብቻ ይነግራችኋል። "200 ኪሎ ይችላል" ከተባለና አምስት እርከን ካለው፣ ለአንዱ 40 ኪሎ ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ቁጥሩ የሚሠራው ጭነቱ እርከኑ ላይ እኩል ሲዘረጋ ነው። ያን ሁሉ ክብደት መሐሉ ላይ ከከመራችሁት አቅሙ ይወርዳል።

ለከባድ ስብስብ ከተሠሩት ውስጥ የተሻለው የብረት ቋሚና የብረት አግዳሚ ያለው የዕቃ ቤት መደርደሪያ ነው። እሱንም ሦስት ነገር እዩለት። እርከኑ ላሜራ ከሆነ ጠርዙ ወደ ታች ታጥፎ እንደገና ወደ ውስጥ የታጠፈ ይሁን፤ አንዴ ብቻ የታጠፈ ስስ ላሜራ መሐሉ ይሰረጉዳል። እርከኑ ቺፕውድ ከሆነ ከሥሩ መሐል ላይ የሚያቋርጥ ብረት አለው ወይ ብላችሁ ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። ከዚያ የላይኛውን ጫፍ ያዙና ወደ ግራና ቀኝ ወዝወዝ አድርጉት። ባዶውን የሚወዛወዝ ከሆነ ተጭኖ ይባስ ይወዛወዛል። ጀርባው ላይ በኤክስ ቅርጽ የሚታሰር ብረት ካለው ግን አይለፋችሁ፣ ሲታሰር ይቆማል።

እርከኑ የሽቦ መረብ ከሆነስ? ብረቱ ጠንካራ ሊሆን ይችላል፣ ግን የካርቶን ሣጥን ታች ላይ ሽቦው መስመር እያወጣ ይጫነዋል፣ ውስጥ ያሉት ካርዶችም ጠርዛቸው ይጎዳል። 9 ሚ.ሜ. ኮምፔንሳቶ በልኩ አስቆርጣችሁ አንጥፉበት፣ ችግሩ ያልቃል።

ጎማ ያለውን ተዉት። ጎማው አቅሙን ይቀንሳል፣ ክብደቱንም አራት ትንንሽ ነጥብ ላይ ያከማቻል።

ራሳችሁ ስትሠሩ

ይሄኛው መደርደሪያ 120 ሴ.ሜ. ቁመት፣ 70 ሴ.ሜ. የውስጥ ስፋት፣ 40 ሴ.ሜ. ጥልቀት አለው። አራት እርከን ነው፣ አራተኛው የላይኛው ክዳን ነው። ልኩን የመረጥኩት በምክንያት ነው። 70 ሴ.ሜ. በቀላሉ አይጎብጥም፣ 40 ሴ.ሜ. ጥልቀት ረጃጅሞቹን ሣጥኖች ይይዛል፣ ሁሉም ደግሞ ከአንድ ሙሉ 122 በ244 ኮምፔንሳቶ ይወጣል። የእናንተ ሣጥን ከ40 ሴ.ሜ. የሚረዝም ከሆነ ግን ልኩን ቀይሩ፤ ወደ ፊት ወጥቶ የተንጠለጠለ ሣጥን መደርደሪያውን ወደ ፊት ይስበዋል።

የሚያስፈልጋችሁ፦

- 18 ሚ.ሜ. ኮምፔንሳቶ፣ አንድ ሙሉ (122 በ244 ሴ.ሜ.)
- 9 ሚ.ሜ. ኮምፔንሳቶ ለጀርባ፣ 120 በ73.6 ሴ.ሜ.
- የእንጨት ኮላ
- የእንጨት ብሎን፦ 30 ሚ.ሜ.፣ 40 ሚ.ሜ. እና 50 ሚ.ሜ. ርዝመት፣ 4 ሚ.ሜ. ውፍረት
- ሁለት የኤል ቅርጽ ያለው ብረት፣ ከፊሸርና ከብሎኑ ጋር (ግድግዳ ላይ ለማሰር)
- መሰርሰሪያ፣ ከ3 ሚ.ሜ. የእንጨት መብሻና ለግድግዳችሁ ከሚሆን መብሻ ጋር
- ካቻቢቴ፣ ሜትር፣ ስኳድራ፣ ውሃ ልክ፣ እርሳስ
- የብርጭቆ ወረቀት
- ሁለት ሦስት ሞርሳ (ባይኖር ብሎኑ ይይዘዋል፣ ካለ ግን ሥራው ይቀላል)
- ቫርኒሽ ወይም ቀለም
- መፈተኛ ውሃ የሚያዝባቸው ክዳን ያላቸው ጀሪካኖች ወይም ጠርሙሶች

ስለ እንጨቱ አንድ ነገር። ቺፕውድ ይቀላል ብላችሁ እንዳትወስዱ። ከባድ ጭነት ሲቆይበት ከኮምፔንሳቶ በበለጠ ይጎብጣል፣ ጠርዙ ላይ የገባ ብሎን ይላቀቃል፣ እርጥበት ሲነካው ያብጥና ይፈረፈራል። ኤምዲኤፍ (ከታመቀ የእንጨት ክር የተሠራው ጣውላ) ትንሽ ይሻላል፣ ግን እሱም ከባድ ከመሆኑ በቀር ከኮምፔንሳቶ ያነሰ ነው የሚቋቋመው። ኮምፔንሳቶ ስትመርጡ ጠርዙን እዩ፦ ንብርብሮቹ መሐል ቀዳዳ ካለ ተዉት፣ እዚያ ላይ ነው የሚሰበረው።

1. አስቆርጡ። ከሸጣችሁ ሰው ዘንድ ማሽን ካለ እዚያው ይቆረጥ፤ በእጅ መጋዝ ቀጥ ያለ ረጅም ቁርጥ ማውጣት ከባድ ነው፣ ጠርዙ ካልቀና ደግሞ እርከኑ አይገጥምም። መጀመሪያ በ244ቱ አቅጣጫ ሦስት 40 ሴ.ሜ. ስፋት ያላቸው ረጃጅም ቁራጮች ይውጡ። መጋዙ በየቁርጡ 3 ሚ.ሜ. ያህል ስለሚበላ 122ቱ ይበቃል። ከአንደኛው ሁለት 120 ሴ.ሜ. (ጎኖቹ)፣ ከሁለተኛው ሦስት 70 ሴ.ሜ. (እርከኖች)፣ ከሦስተኛው አንድ 70 ሴ.ሜ. (አራተኛው እርከን)። የሦስተኛው ቀሪ 4 ሴ.ሜ. ስፋት፣ 70 ሴ.ሜ. ርዝመት ወዳላቸው ቀጫጭን ቁራጮች ይሰንጠቅ። 12 ያስፈልጋችኋል። ስምንቱ እንዳሉ ይቀመጡ፣ አራቱ እያንዳንዳቸው ሁለት ቦታ ይቆረጡና ስምንት 34 ሴ.ሜ. ያላቸው ይሁኑ። ሁለቱ ጎኖች ከአንድ ልክ መውጣታቸውን አጠጋግታችሁ አረጋግጡ፤ 2 ሚ.ሜ. ልዩነት ካለ መደርደሪያው ዕድሜውን ሙሉ ይንገዳገዳል።

2. ጠርዞቹን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ለውበት ብቻ አይደለም። የተቆረጠ ኮምፔንሳቶ ስንጣሪ የካርቶን ሣጥን ይቀድዳል፣ እጅም ይወጋል።

3. ሁለቱን ጎኖች ጎን ለጎን አስተኝታችሁ አንድ ላይ ምልክት አድርጉ። ከታች ጀምራችሁ በ10.2፣ በ46.2፣ በ82.2 እና በ118.2 ሴ.ሜ. ላይ በስኳድራ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። አንድ ላይ የምታሰምሩት ግራና ቀኙ እንዳይለያይ ነው፤ ለየብቻ ከለካችሁ እርከኑ ዘንበል ይላል። እያንዳንዱ መስመር እርከኑ የሚያርፍበት ነው። በዚህ ልክ የታችኛው እርከን ከመሬት 10 ሴ.ሜ. ከፍ ይላል፤ ውሃ ቢፈስ፣ ወለሉ ቢወለወል ሣጥኑን አይነካም። በእርከኖቹ መሐል ደግሞ ወደ 30 ሴ.ሜ. የሚጠጋ አፍ ይኖራችኋል፣ ሁለት ሣጥን ተደራርቦ እጅ የሚያስገባ ቦታ ይተርፋል።

4. ስምንቱን አጫጭር ቁራጮች ጎኖቹ ላይ ግጠሙ። እነዚህ ደጋፊዎቹ ናቸው። የደጋፊው የላይኛው ጠርዝ ካሰመራችሁት መስመር ጋር እኩል ይሁን፣ ከፊትም ከኋላም 3 ሴ.ሜ. ይተው። ኮላ ቀቡ፣ ቀድማችሁ በ3 ሚ.ሜ. መብሻ ብሱ፣ ከዚያ እያንዳንዱን በሦስት 30 ሚ.ሜ. ብሎን እሰሩ። እዚህ ላይ ኮላውን እንዳትዘሉ። ብሎን ሦስት ነጥብ ላይ ብቻ ይይዛል፣ ኮላ ግን የደጋፊውን ገጽ በሙሉ። የእርከኑ ክብደት በሙሉ የሚወርደው በነዚህ ስምንት ቁራጮች ነው። ብዙ የተገዙ መደርደሪያዎች የሚወድቁት እኮ እርከኑ አራት ትንንሽ ሚስማር መሳይ ነገር ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ነው። ክብደት ሲበዛ ሚስማሯ ጎኑን እየቀደደች ትወርዳለች።

5. ረጃጅሞቹን ቁራጮች ከእርከኖቹ ሥር አጣብቁ። ለእያንዳንዱ እርከን ሁለት፦ አንዱ ከፊት ጠርዝ ሥር፣ አንዱ ከኋላ ጠርዝ ሥር። በጠባብ ጎናቸው ይቁሙ፣ ማለትም 4 ሴ.ሜ. ቁመት ይኑራቸው እንጂ አይተኙ። ኮላ በደንብ ቀቡ፣ በሞርሳ ያዙ፣ ከላይ በኩል በየ15 ሴ.ሜ. በ40 ሚ.ሜ. ብሎን እሰሩ። ብሎኑ የሚገባው ኮምፔንሳቶ ጠርዝ ውስጥ ስለሆነ ቀድማችሁ ካልበሳችሁ ንብርብሮቹ ይከፈታሉ። የብሎኑ ራስ እርከኑ ውስጥ ገብቶ ከላዩ ጋር እኩል ይሁን፤ ከወጣ የሣጥኑን ታች ይቧጭራል። ከዚህ ሁሉ ሥራ ለእኔ ዋናው ይሄ ነው። አንዷ ቁራጭ ብቻ፣ በኮላ በደንብ ከተያያዘች፣ እርከኑን ከሦስት እጥፍ በላይ ታጠነክረዋለች። ምክንያቱም የጣውላ ጥንካሬ በቁመቱ ነው፤ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን አለመጎበጡ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ለዚህም ነው ሁለት ስስ ጣውላ ያለ ኮላ ደርቦ መጣል የማይረባው። ሳይጣበቁ ሁለት እጥፍ ብቻ፣ ሲጣበቁ ስምንት እጥፍ።

6. ኮላው ይድረቅ። ቢያንስ አንድ ሌሊት። ሳይደርቅ የተነቃነቀ ማጣበቂያ ከውጭ የያዘ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ተላቋል።

7. ግጠሙት። አንዱን ጎን መሬት ላይ አስተኙት፣ ደጋፊዎቹ ወደ ላይ። እርከኖቹን በየቦታቸው አቁሟቸው፣ ሁለተኛውን ጎን ከላይ አምጡ። ሁለት ሰው ቢሆን ይመረጣል። ከጎን በኩል ወደ እርከኑ ጫፍ በየእርከኑ ሦስት 50 ሚ.ሜ. ብሎን፣ ከላይ ደግሞ ከእርከኑ ወደ ደጋፊው ሁለት ሁለት 40 ሚ.ሜ. ብሎን። የሚገጣጠመው ሁሉ ኮላ ይቀባ።

8. ማዕዘኑን አረጋግጡና ጀርባውን ምቱ። ኮላው ሳይደርቅ በፊት ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስተኙትና ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ለኩ፣ ከዚያ ሌላውን ሰያፍ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። ካልሆኑ ረጅሙን ሰያፍ ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ገፋ ገፋ አድርጉት። እኩል ሲሆን 9 ሚ.ሜ. ጀርባውን በኮላና በየ15 ሴ.ሜ. በ30 ሚ.ሜ. ብሎን እሰሩ፤ ጎኖቹ ላይም፣ የእርከኖቹ የኋላ ጠርዝ ላይም። ጀርባው መሸፈኛ እንዳይመስላችሁ። መደርደሪያው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እንዳይጣመም የሚያደርገው እሱ ብቻ ነው። ያለ ጀርባ የቆመ መደርደሪያ ክብደቱን ይችል ይሆናል፣ አንድ ሰው በትከሻው ሲገፋው ግን እንደ ካርቶን ይተጣጠፋል።

9. ቫርኒሽ ወይም ቀለም ቀቡ፣ ከዚያ ጠብቁ። ጠረኑ እስኪጠፋ ድረስ ካርድ አታስገቡ፤ አንድ ሳምንት ይሁን ሁለት፣ እንደ ቀለሙና እንደ አየሩ ነው። ያልደረቀ ቀለም ሣጥን ላይ ይጣበቃል፣ የሚወጣው ትነትም በዝግ ቦታ ለወረቀትም ለፕላስቲክም ጥሩ አይደለም። መስኮት ክፈቱና አየር ይግባው።

10. ቦታውን ምረጡ። ወደ ውጭ ከሚያዋስን ግድግዳ የውስጥ ግድግዳ ይሻላል፤ የውጩ ቀዝቅዞ እርጥበት ይስባል። ከጀርባው ሻወር ወይም የውሃ ቧንቧ ካለ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ካርድ ወረቀት ነው፣ እርጥበት ሲጨምር ይጠጣል፣ ሲቀንስ ይተፋል። የሚያብረቀርቁት ካርዶች የሚጎብጡትም ለዚህ ነው፦ ወረቀቱ ሲለጠጥና ሲኮማተር የሚያብረቀርቀው ሽፋን አብሮት አይሄድም። የክፍሉ እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ ቢሆንና ብዙ ባይዋዥቅ ጥሩ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበትን ቦታም ተዉት፣ ቀለሙ ይለቃል።

11. በውሃ ልክ አቁሙ፣ ከግድግዳ ጋር እሰሩ። ወለሉ ካልተስተካከለ ከሥሩ ስስ እንጨት አስገቡ፤ አንድ እግሩ አየር ላይ ከሆነ ክብደቱ በሌሎቹ ላይ ይወድቃል፣ መደርደሪያውም ቀስ እያለ ይጣመማል። ከዚያ ከላይኛው ጫፍ በሁለቱ የኤል ብረቶች ከግድግዳ ጋር እሰሩት። በመደርደሪያውና በግድግዳው መሐል 2 ወይም 3 ሴ.ሜ. ቁራጭ እንጨት ጣልቃ አስገቡ፣ አየር እንዲያልፍ። ግድግዳው ኮንክሪት ወይም ጡብ ከሆነ ፊሸር፣ ስስ ክፍልፋይ ግድግዳ ከሆነ ከውስጥ ያለውን ቋሚ ፈልጋችሁ እዚያ ላይ። ባዶውን ሽፋን ብቻ የያዘ ብሎን ተነቅሎ ይመጣል።

12. በውሃ ፈትኑት። ካርዳችሁን ከማመናችሁ በፊት ማለት ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሚዛን አያስፈልግም። ወረቀት ላይ የጻፋችሁትን ቁጥር ውሰዱ፤ 63 ኪሎ ከሆነ 63 ሊትር ውሃ ክዳናቸው በደንብ በተዘጋ ጀሪካኖች እርከኑ ላይ እኩል ዘርጉ። ከታችኛው ጀምሩ። አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይቆይ። ከዚያ የእርከኑን የፊት ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ በክር ወጥራችሁ መሐሉ ላይ ክሩና እንጨቱ ምን ያህል እንደተራራቁ ለኩ። 1 ሚ.ሜ. አካባቢ ከሆነ እሰይ። 2 ሚ.ሜ. ካለፈ ኮላው ወይም ቁራጩ አልያዘም፣ ጭነቱን አውርዱና ከሥሩ እዩት። ደጋፊዎቹም ከጎኑ ተላቀው እንደሆነ ጣታችሁን አስገብታችሁ ዳስሱ፣ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ በጣት ይታወቃል።

ማስጠንቀቂያ

ልጅ ባለበት ቤት ከግድግዳ ማሰሩን ለነገ አትበሉት። ልጅ መደርደሪያ ሲያይ መሰላል ነው የሚመስለው፤ 170 ኪሎ የተሸከመ መደርደሪያ ሲወድቅ ደግሞ የሚያነሳው ሰው እስኪደርስ ጊዜ አይሰጥም። የመሬት መንቀጥቀጥ በሚያጠቃው አካባቢ ላላችሁም እንዲሁ ነው።

ግድግዳ ከመብሳታችሁ በፊት ከውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦና የውሃ ቧንቧ አለመኖሩን አረጋግጡ። ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት በቀጥታ ወደ ላይም ወደ ታችም አትብሱ፣ ሽቦው ብዙ ጊዜ በዚያ መስመር ነው የሚሄደው።

ስትቆርጡና ስታለሰልሱ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ። የኮምፔንሳቶ አቧራ ኮላም አለበት።

ወለሉንም አትርሱት። መሬት ላይ የፈሰሰ ኮንክሪት ከሆነ አታስቡ። ፎቅ ላይ ከሆናችሁና ወለሉ የእንጨት ከሆነ ግን መደርደሪያውን ክፍሉ መሐል ሳይሆን ግድግዳ ሥር አድርጉት፣ ያውም ከሥር ያሉትን ተሸካሚ እንጨቶች በሚያቋርጥ አቅጣጫ፤ ክብደቱ በአንድ እንጨት ላይ ሳይሆን በብዙዎቹ ላይ ይከፋፈላል። የመኖሪያ ቤት ወለል ብዙ ጊዜ የሚሠራው በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ኪሎ እንዲችል ተደርጎ ነው። አንድ መደርደሪያ ግድግዳ ሥር ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ሦስት አራት ጎን ለጎን ልታቆሙ ካሰባችሁ ግን የሕንፃ መሐንዲስ ጠይቁ፣ በዚህ ላይ ግምት አይሠራም።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ከሁሉ የሚበዛው ከባዱን ላይ ማድረግ ነው። "ውዱ ካርድ እጅ እንዳይደርስበት" ይባላል፣ 9 ኪሎ ሣጥን ከራስ በላይ ይወጣል። መደርደሪያው ወደ ፊት የመውደቅ ዝንባሌው ይጨምራል፣ እናንተም በአንድ እጅ እየሳባችሁ ስታወርዱት ሣጥኑ ይገለበጣል። ከባዱ ከወገብ በታች፣ ቀላሉ ከላይ።

ሌላው ሣጥን መደራረብ ነው። የካርቶን ሣጥን ሁለት ድረስ ይችላል። ሦስትና አራት ሲሆን የታችኛው ጎኑ ይወልቃል፣ ክዳኑም ሰምጦ ካርዶቹን ጠርዛቸው ላይ ይጫናል። እርከን ጨምሩ እንጂ አትደራርቡ። ሣጥኑ በግማሽ ከሞላ ደግሞ ክፍተቱን በስፖንጅ ወይም በታጠፈ ወረቀት ሙሉት፤ ያለዚያ ካርዶቹ ዘምበል ብለው እንደዚያው ይቀራሉ።

ብሎን ትቶ ሚስማር ብቻ መምታት፤ ሚስማር በንዝረት ይላላል። የጎበጠን እርከን ገልብጦ መጠቀም፤ ለጥቂት ጊዜ ይቀናል፣ ከዚያ በሌላው በኩል ይጎብጣል። የጎበጠ ካላችሁ መሐሉ ላይ ከታች እስከ ላይ በየእርከኑ ቋሚ እንጨት አስገቡለት፣ ርዝመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ቋሚዎቹ ግን ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይሁኑ፣ የመጨረሻውም ወለሉ ላይ ይረፍ፤ አለበለዚያ የላዩን ክብደት ታችኛው እርከን መሐል ላይ አራገፋችሁት ማለት ነው።

የተጫነን መደርደሪያ መግፋት ደግሞ በፍጹም። ጽዳት ነው፣ ቤት ማስተካከል ነው እያላችሁ ትንሽ ፈቀቅ ላድርገው አትበሉ። እርከኖቹ ክብደቱን ወደ ታች እንዲሸከሙ ነው የተሠሩት፣ ወደ ጎን ሲገፋ ብሎኖቹ ናቸው የሚሰቃዩት። አውርዱ፣ ከግድግዳው ፍቱ፣ ከዚያ አንሱ።

ስትጭኑ ከታችኛው እርከን ጀምሩ፣ ከግራና ከቀኝ ወደ መሐል። ከወር በኋላ ክሩን እንደገና ወጥሩ፣ ልኩን መጀመሪያ ከለካችሁት አጠገብ ጻፉት፣ የግድግዳውንም ብሎን በካቻቢቴ ፈትሹ። ከዚያ በየስድስት ወሩ ይበቃል። ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ ከዚያ እርከን ላይ ሁለት ሣጥን ወደ ሌላ አዛውሩ፣ መጨመሩን ሲያቆም እዚያው ላይ ተዉት።